ሶቶ ስንት ያወጣል? የዚህ ዊንተር የቤዝቦል ውል ግምት፤ ሁላችሁም ቁጥራችሁን አስቀምጡ

ሳውዝ ካፒቶል · ዋሽንግተን ዲሲ · ኖቬምበር 9, 2024

ሰላም ቤተሰብ። ወርልድ ሲሪስ አልቋል፣ ዋንጫውን ዶጀርስ ወስዷል። እኔ በጉጉት የምጠብቀው ወቅት ግን ገና አሁን መጀመሩ ነው። ማን የት ይፈርማል? በስንት? ለስንት ዓመት?

ግምቴን ደብተር ላይ መጻፍ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ደብተሩ ታክሲዬ ውስጥ ነው የሚውለው። በግራ የእኔ ቁጥር፣ በቀኝ የተፈረመው። የጀመርኩት ብራይስ ሃርፐር ጥሎን የሄደ ጊዜ ነው። የዲሲው ቡድናችን ናሽናልስ 10 ዓመት በ300 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡለት። እሱ ፊላደልፊያ ሄዶ 13 ዓመት በ330 ፈረመ። በዓመት ብታካፍሉት የኛ ይበልጣል። ታዲያ ለምን ሄደ? ያኔ አልገባኝም ነበር። በኋላ ነው የኛ ገንዘብ ብዙው ከብዙ ዓመት በኋላ የሚከፈል መሆኑን ያወቅኩት። ከዚያ ወዲህ ድምሩን ብቻ አይቼ ስለ ውል አላወራም።

ዘንድሮ ደግሞ ሁዋን ሶቶ አለ። በ19 ዓመቱ እዚሁ ዲሲ ነው የጀመረው። 2019 ዋንጫ ስንበላ 21 ዓመት የሞላው እዚያው ፍጻሜው መሃል ነበር። 2022 ላይ 15 ዓመት በ440 ሚሊዮን ቀረበለት፣ እምቢ አለ። ኦገስት 2 ቀን ለሳንዲዬጎ ተሰጠ። ልጄ ያን ቀን 22 ቁጥር ማሊያውን ለብሶ ነው የተኛው። «አባዬ፣ 440 ሚሊዮን እንዴት ያንሳል?» አለኝ። ተሳፋሪዎቼም ሁሉ ያንኑ ነበር የሚሉት። መልሱን ዘንድሮ እናያለን።

ዘዴዬን ልንገራችሁ። ድሮ ተጫዋቹን ነበር የማየው፤ ስንት ሆም ራን መታ፣ ዕድሜው ስንት ነው። አሁን ገዢዎቹን ነው የምቆጥረው። ጨረታ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ዋጋውን የሚሰራው አንደኛው ገዢ አይደለም፣ ሁለተኛው ነው። አንደኛው እሱን በትንሽ መብለጥ ብቻ ነው ያለበት። ሁለተኛ ገዢ ያጣ ተጫዋች የፈለገ ጎበዝ ቢሆን ስልክ ሲጠብቅ ይከርማል። ባለፈው ዓመት ብሌክ ስኔልን አይታችኋል። የምርጥ ወርዋሪ (ፒቸር) ሽልማት የሆነውን ሳይ ያንግን ወስዶ፣ ቡድን ያገኘው ማርች ላይ ነው። ሁለት ዓመት በ62 ሚሊዮን።

ግምቴ ይኸው። ሶቶ ዘንድሮ በተጫወተበት በኒው ዮርክ ያንኪስ ይቆያል፣ 14 ዓመት በ630 ሚሊዮን። ኮርቢን በርንስ 7 ዓመት በ225። ማክስ ፍሪድ 6 በ150። ስኔል 4 በ130። ዊሊ አዳሜስ 6 በ150። አሌክስ ብሬግማን 6 በ165። ፒት አሎንሶ 5 በ120።

እናንተም ቁጥራችሁን ከነምክንያቱ ጻፉ።

አዲስ ተመልካች · አዲስ አበባ · ኖቬምበር 10, 2024

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የእግር ኳስ ሰው ነኝ፤ ቤዝቦል መከታተል የጀመርኩት ዘንድሮ ነው። ጨዋታው በኛ ሌሊት ስለሆነ ነግቶ ሃይላይቱን ነው የማየው። አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ሶቶ ወደ ሌላ ቡድን ቢሄድ ያንኪስ የዝውውር ሂሳብ አያገኝም? 630 ሚሊዮን ስትልስ ለክለቡ የሚከፈለውን ጨምረህ ነው?

ሳውዝ ካፒቶል · ኖቬምበር 10, 2024

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። አያገኝም። ሁሉም የተጫዋቹ ደመወዝ ነው። ያውም ዋስትና ያለው፤ ተጎድቶ ባይጫወትም ይከፈለዋል። ስቲቨን ስትራስበርግን እኛ ዲሲዎች አንረሳውም። 2019 የፍጻሜው ኮከብ ሆኖ 7 ዓመት በ245 ሚሊዮን ፈረመ። ከዚያ በኋላ የተጫወተው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። በእሱ አልፈርድበትም፤ ክንዱን የሰጠን ለዋንጫው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተጫዋች ፍሪ ኤጀንት (ከፈለገው ቡድን ጋር መፈረም የሚችል ነጻ ተጫዋች) የሚሆነው ሜጀር ሊግ ውስጥ ስድስት ዓመት አገልግሎት ሲሞላው ነው። አንድ ዓመት ማለት 172 ቀን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አብዛኛው ተጫዋች ወደ ዝቅተኛው ደመወዝ የተጠጋ ነው የሚከፈለው፤ ዘንድሮ 740 ሺህ ዶላር። ቀጣዮቹን ሦስት ዓመታት በግልግል ዳኞች ፊት ይከራከራል። ብዙው ሰው ነጻ ሲወጣ 29፣ 30 ዓመቱ ነው። ሶቶ ግን ቶሎ ስለጀመረ ገና 26 ነው። ዋጋውን ሰማይ የሚያደርሰው ይሄ ነው። ለ26 ዓመት ልጅ 14 ዓመት ስትሰጠው 40 ላይ ያበቃል። ለ31 ዓመት ፒቸር ያንኑ መስጠት አትችልም።

ለቀድሞው ቡድን የሚደርሰው የድራፍት ምርጫ (አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የመምረጥ ዕድል) ብቻ ነው። እሱም ቡድኑ መጀመሪያ የአንድ ዓመት ውል ካቀረበና ተጫዋቹ እምቢ ካለ ነው። ኳሊፋይንግ ኦፈር ይሉታል፤ ዘንድሮ 21.05 ሚሊዮን ነው። ውሉን እምቢ ያለውን ተጫዋች የሚያስፈርም ቡድን ደግሞ የራሱን የድራፍት ምርጫ ያጣል። መሃል ላይ ያሉ ተጫዋቾችን ይሄ ይጎዳቸዋል። ሶቶን ምንም አይነካውም።

ጋሽ ብሮንክስ · ኒው ዮርክ · ኖቬምበር 11, 2024

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። ይሄ ስድስት ዓመት የምትሉት ነገር በነጻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ድሮ ተጫዋች አንዴ ከፈረመ ዕድሜ ልኩን የክለቡ ንብረት ነበር። ከርት ፍለድ የሚባል የሴንት ሉዊስ ተጫዋች ነበር። 1969 መጨረሻ ላይ ሳይጠይቁት ለፊላደልፊያ ሰጡት። አልሄድም አለ፣ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና 1972 ላይ ተፈረደበት። የተጫዋችነት ሕይወቱም ከፍርዱ በፊት አልቆ ነበር። በሩ የተከፈተው ዲሴምበር 23, 1975 ነው። ፒተር ሳይትዝ የተባለው ዳኛ ለሁለት ፒቸሮች፣ ለአንዲ መሰርስሚዝና ለዴቭ ማክናሊ ፈረደ። ዛሬ ሶቶ የሚቆጥረው ገንዘብ ላይ የፍለድ ላብ አለበት።

እኔ ኒው ዮርክ የገባሁት 1984 ነው። በገባሁ በዓመቱ ገበያው ቀጥ አለ። ምርጥ ምርጥ ተጫዋቾች ነጻ ወጥተው ከቀድሞ ቡድናቸው በቀር ማንም አይደውልላቸውም። ባለቤቶቹ ተመካክረው ነበር። አንድሬ ዶውሰን 1987 ላይ ለቺካጎ ከብስ ባዶ ውል ሰጣቸው፤ «የፈለጋችሁትን ቁጥር ሙሉበት» ማለት ነው። 500 ሺህ ሞሉበት። በዚያው ዓመት 49 ሆም ራን መታና የሊጉ ኮከብ ሆነ። በኋላ ባለቤቶቹ በዳኝነት ተሸንፈው 280 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከፍለዋል። ሳውዝ ካፒቶል፣ ሁለተኛ ገዢ ያልከው እውነት ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛ ገዢ አልነበረም።

ሶቶን በተመለከተ ያንኪስ አይለቀውም። አሮን ጃጅ 2022 ላይ 213.5 ሚሊዮን እምቢ ብሎ 62 ሆም ራን መታ። ሳንፍራንሲስኮ 360 አቀረበ፣ ያንኪስም 360 ከፍሎ አስቀረው። ለሶቶም ያው ነው። 15 ዓመት በ650።

ቺቺ · ሲያትል · ኖቬምበር 12, 2024

ጋሼ፣ ታሪኩን ስለነገሩን እናመሰግናለን። ሶቶ ላይ ግን አልስማማም። ሜትስ ነው የሚሄደው። ያንኪስ ለቆ አያውቅም አይበሉ። ሮቢንሰን ካኖን 2013 ላይ የኔ ሲያትል በ10 ዓመት 240 ሚሊዮን አልወሰደባቸውም?

ሥራዬ ሂሳብ ነው፣ ከታክሱ ልጀምር። ቤዝቦል የደመወዝ ጣሪያ የለውም። ያለው የቅንጦት ታክስ ነው። የቡድኑ ጠቅላላ ደመወዝ ማለፍ የሌለበት መስመር ዘንድሮ 237 ሚሊዮን ነበር፣ በ2025 ደግሞ 241 ይሆናል። ያለፈ ቡድን በትርፉ ላይ ይከፍላል። ለመጀመሪያ ጊዜ 20 በመቶ፣ በተከታታይ ሁለተኛ ከሆነ 30፣ ሦስተኛ ከሆነ 50። መስመሩን በ60 ሚሊዮን ሲያልፍ ሌላ 60 በመቶ ይጨመርበታል። እንግዲህ አስቡት። ሦስት ዓመት ተከታትሎ ያለፈ ቡድን ከ301 ሚሊዮን በላይ ለሚያወጣት ለእያንዳንዷ ዶላር 1.10 ዶላር ታክስ ይከፍላል። የ10 ሚሊዮን ተጫዋች 21 ሚሊዮን ፈጀ ማለት ነው።

ለታክሱ የሚቆጠረው ደግሞ በዚያ ዓመት የተከፈለው ሳይሆን የውሉ ዓመታዊ አማካይ ነው። ውሎች የረዘሙት ለዚህ ነው። 2022 ላይ ትሬ ተርነር 11 ዓመት በ300፣ ዛንደር ቦጋርትስ 11 በ280 ፈረሙ። አንዱ 29፣ አንዱ 30 ዓመቱ ነበር። በ40 ዓመቱ ሾርትስቶፕ በሚባለው፣ ቅልጥፍና በሚጠይቀው ቦታ ይጫወታል ብሎ የሚያምን የለም። ያው ገንዘብ በብዙ ዓመት ሲካፈል ለታክስ የሚቆጠረው ያንሳል። ስለዚህ ግምት ስትጽፉ መጀመሪያ ድምሩን አስቡ፣ ዓመቱን በኋላ።

ሜትስ ያልኩበት ምክንያት ባለቤቱ ስቲቭ ኮኸን ነው። 2023 ላይ ከ100 ሚሊዮን በላይ ታክስ ከፍሎ 75 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። ለማንም ባለቤት ይሄ ትልቅ ኪሳራ ነው። እሱ ግን አልሸሸም። ከቡድኑ ለወጡት ፒቸሮች ለሸርዘርና ለቨርላንደር ሲከፍል የከረመው ሂሳብም አሁን እየወረደለት ነው። ሁለተኛው ገዢ ደግሞ ያንኪስ ነው፣ ያውም እዚያው ከተማ ውስጥ። እኔ 15 ዓመት በ700 ብያለሁ።

ሌሊት ፈረቃ · ሎስ አንጀለስ · ኖቬምበር 27, 2024

ሰላም። ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ላይ ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ዜና የምሰማው ከሁሉም በፊት ነው። ስኔል የኛ ሆነ! 5 ዓመት በ182። ሳውዝ ካፒቶል፣ 130 ነበር ያልከው።

ከፊሉ ገንዘብ ግን የሚዘገይ ነው። ዶጀርስ እንዲህ ነው የሚሠራው። ኮከባችን ሾሄይ ኦታኒ 10 ዓመት በ700 ሚሊዮን ሲፈርም በዓመት የሚወስደው 2 ሚሊዮን ብቻ ነው። የቀረው 680 ከ2034 እስከ 2043 በየዓመቱ 68 እየሆነ ይከፈለዋል፣ ያለ ወለድ። ለታክስ ሲቆጠር 70 ሳይሆን ወደ 46 ሚሊዮን ነው የሚያዘው።

አዲስ ተመልካች · ኖቬምበር 27, 2024

ቆይ፣ 700 ሚሊዮን ተፈርሞ እንዴት 46 ይሆናል? 70 ለ10 ዓመት አይደል?

ቺቺ · ኖቬምበር 27, 2024

በዕቁብ ላስረዳህ። አሥር ሰው በየወሩ አሥር አሥር ሺህ ብር የሚጥልበት ዕቁብ አለ እንበል። አንደኛ ወር ላይ ዕጣ የወጣለትም፣ አሥረኛ ወር ላይ የደረሰውም መቶ ሺህ ነው የሚወስደው። ግን እኩል ወሰዱ? አልወሰዱም። የመጀመሪያው ሰውዬ በመቶ ሺው ዕቃ አስመጥቶ ነግዶበታል። የመጨረሻው ሲደርሰው የዘይትና የጤፍ ዋጋ ጨምሯል። እኔ ልጅ ሆኜ እናቴ ዕጣ ቶሎ ሲወጣላት ቤታችን ውስጥ ዕልልታ ነበር። ብሩ ያው ነው፣ ጊዜው ነው የተለየው።

ኦታኒ የመጨረሻውን ዕጣ በፈቃዱ ወሰደ በለው። ሊጉም ይሄንን ስለሚያውቅ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚከፈለውን ገንዘብ ዛሬ ስንት ያወጣል ብሎ አስልቶ ነው ለታክስ የሚይዘው።

ሳውዝ ካፒቶል · ኖቬምበር 27, 2024

ተባረኪ እህቴ። የኛ ማክስ ሸርዘርም እንደዚያው ነው። 2015 ላይ 7 ዓመት በ210 ፈረመ፣ ግማሹ ዘገየ። ዲሲን ከለቀቀ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ እስከ 2028 በየዓመቱ 15 ሚሊዮን እንከፍለዋለን። እኔ አይቆጨኝም። ያ ሰው ሲወረውር ስታዲየሙ ውስጥ መቀመጥ አይቻልም ነበር።

ስኔል ላይ የሳትኩበትን አውቄዋለሁ። ባለፈው ዓመት ገዢ ስላጣ ዘንድሮም ያጣል ብዬ ገመትኩ። ዘንድሮ ግን ገና ኖቬምበር ሳያልቅ ዶጀርስ ራሱ ፈልጎት መጣ።

ሚኒያፖሊስ 612 · ዲሴምበር 3, 2024

ከሚኒሶታ ሰላም። እናንተ ስለ መቶ ሚሊዮኖች ስታወሩ እኛ ዘንድሮም እጃችን አጥሯል። ሰው ሁሉ «ባለቤቱ ቆጥቋጣ ነው» ይላል። እኔ ግን ቴሌቪዥኑን ነው የማየው። የብዙ ቡድን ጨዋታ የሚያሳየው ኩባንያ 2023 ላይ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከቴሌቪዥን የሚመጣው ገንዘብ ሲናወጥ ቡድናችን ትዊንስ በዚያው ዊንተር የደመወዝ ወጪውን ቀነሰ። ኦክቶበር ላይ ደግሞ ባለቤቶቹ ቡድኑን ለመሸጥ እያሰቡ መሆኑን ተናገሩ። ቤቱን ሊሸጥ ያሰበ ሰው አዲስ ዕዳ አይገባም። ስለዚህ ቡድኖችን ስትቆጥሩ ቴሌቪዥኑ ከማን ጋር እንደሆነ፣ ባለቤቱ ሊሸጥ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው ደግሞ የሕክምና ምርመራ ነው። ካርሎስ ኮሬያ 2022 ዲሴምበር ላይ ከሳንፍራንሲስኮ ጋር 13 ዓመት በ350 ተስማማ። ሱፍ ለብሶ ብቅ የሚልበት ጋዜጣዊ መግለጫ ቀን ተቆርጦ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ቀረ። ሐኪሞቹ የድሮ የቁርጭምጭሚት ቀዶ ጥገናውን አይተው ፈሩ። በማግስቱ ሜትስ 12 ዓመት በ315 አለ፤ የእነሱም ሐኪሞች ያንኑ አዩ። በመጨረሻ ጃንዋሪ ላይ ወደ እኛ ተመለሰ፣ 6 ዓመት በ200። 150 ሚሊዮን በአንድ ቁርጭምጭሚት ጠፋ። ቁጥር አይታችሁ ቶሎ ደብተር ላይ አትጻፉ፣ ምርመራው ይለፍ።

ቺቺ · ዲሴምበር 6, 2024

ማንም ያልገመተው መጣ። አትሌቲክስ ሉዊስ ሴቬሪኖን 3 ዓመት በ67 ሚሊዮን! በቡድኑ ታሪክ ትልቁ ውል ነው። ኦክላንድን ለቀው፣ ሳክራሜንቶ በትንሽ ስታዲየም ሊጫወቱ ነው፣ ገንዘብ ከየት መጣ? እንደተዘገበው ከሀብታም ቡድኖች ድርሻ የሚቀበል ቡድን ያንን ገንዘብ ለቡድኑ ማዋል አለበት፤ አለዚያ የተጫዋቾች ማኅበሩ አቤቱታ ያቀርባል። እነሱ ደግሞ የሚያወጡት በጣም ወርዶ ነበር። ሳውዝ ካፒቶል፣ ለዘዴህ አንድ ነገር ልጨምር። መግዛት የሚፈልገውን ብቻ ሳይሆን መግዛት ግድ የሆነበትንም ቁጠር።

ሌሊት ፈረቃ · ዲሴምበር 8, 2024

ሶቶ ሜትስ!!! 15 ዓመት፣ 765 ሚሊዮን!

ቺቺ · ዲሴምበር 8, 2024

የሚዘገይ አንድ ሳንቲም የለውም። ሁሉም ጥሬ ገንዘብ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከውሉ መውጣት ይችላል። ሜትስ እንዳይወጣ ከፈለገ በቀሪዎቹ ዓመታት ላይ በዓመት 4 ሚሊዮን ይጨምርለታል፤ ያኔ ድምሩ 805 ይደርሳል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

አዲስ ተመልካች · ዲሴምበር 9, 2024

እዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ሻይ ሳልጠጣ ስልኬን ከፈትኩ። ያንኪስ ስንት ብሎ ነበር?

ጋሽ ብሮንክስ · ዲሴምበር 9, 2024

16 ዓመት በ760። አምስት ሚሊዮን ብቻ ነው ልዩነቱ ይላሉ። ግን አንድ ዓመት ይረዝማል። በዓመት የኛ 47.5 ነው፣ የእነሱ 51። ለቤተሰቡ ስታዲየም ውስጥ የራሱ ክፍል እንዲሰጠው ጠይቆ እንደነበርም ሰማን። ሜትስ ሰጠ፣ ያንኪስ ለጃጅም አልሰጠሁም ብሎ እምቢ አለ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ሶቶ መትቶ ክሊቭላንድን ያሸነፍንበትን ያን ሆም ራን በዓይኔ እያየሁት አደርኩ።

ሳውዝ ካፒቶል · ዲሴምበር 9, 2024

ጋሼ፣ አይዞዎት። እኛ ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው ነበርን።

እኔ ዜናውን የሰማሁት ከኤርፖርት ሰው ጭኜ ድልድዩ ላይ ስደርስ ነው። ተሳፋሪዬን አድርሼ 14ኛ መንገድ ላይ ጥግ ይዤ ቆምኩና ልጄ ጋ ደወልኩ። ነቅቶ ነበር። ሃሎ እንኳን ሳይል «አባዬ፣ ለካ ያንስ ነበር» አለኝ።

ደብተሩን አውጥቼ ጻፍኩ። በግራ 630፣ በቀኝ 765። እኛ ያቀረብንለት 440 ነበር፣ ለዚያው ለ15 ዓመት። በመሃል ደግሞ 2023 ላይ 23 ሚሊዮን፣ 2024 ላይ 31 ሚሊዮን ተከፍሎታል። ያ ልጅ በ23 ዓመቱ እምቢ ሲል ምን እንዳየ አሁን ገባኝ። የዚያን ቀን አንድ ገዢ ብቻ ነበር ፊቱ የቆመው፣ እሱም እኛ ነን። ሁለተኛው ገዢ እስኪመጣ ጠበቀ። ሁለተኛው ብቻ አይደለም የመጣው፤ ቦስተንና ቶሮንቶም እስከ መጨረሻው ድረስ ነበሩ። እኔ ራሴ የጻፍኩትን ዘዴ ረስቼ ነው 630 ያልኩት። ለሶቶ ገዢዎቹን ሳልቆጥር ልቤን ተከተልኩ።

ጋሽ ብሮንክስ · ዲሴምበር 22, 2024

ተጽናንቻለሁ ልጆች። ለሶቶ የተቀመጠው ገንዘብ መሬት ላይ አልቀረም። በሁለት ቀን ውስጥ ማክስ ፍሪድን 8 ዓመት በ218 አመጡ። ዴቪን ዊሊያምስና ኮዲ ቤሊንጀር በልውውጥ መጡ። ፖል ጎልድሽሚት ለአንድ ዓመት በ12.5 ተስማማ። ሳውዝ ካፒቶል፣ ፍሪድን 150 ነበር ያልከው። ተሸናፊው የት እንደሚያወጣው አልቆጠርክም። ጨረታ የተሸነፈ ሰው ገንዘቡን ኪሱ ይዞ ቤቱ አይገባም፤ ቀጣዩን ዕቃ ያስወድዳል።

ሳውዝ ካፒቶል · ፌብሩዋሪ 13, 2025

ጋሼ፣ ያሉትን በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ። ብሬግማን ትናንት ስለተስማማ ሂሳቡን ልዝጋ።

አዳሜስ ሳንፍራንሲስኮ 7 በ182፣ እኔ 150 ብዬ ነበር። በርንስ አሪዞና 6 በ210፤ ከ225 ብዙም አልራቅኩም። አሪዞና ይገዛል ብሎ የጠበቀ ግን እዚህ መድረክ ላይ አንድም ሰው አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

ያሳሰቡኝ ሁለቱ ናቸው። አሎንሶን 5 በ120 አልኩ፤ 2 ዓመት በ54 ነው ያገኘው፣ እዚያው ሜትስ። ብሬግማንን 6 በ165 አልኩ፤ ቦስተን 3 ዓመት በ120 ሰጠው፣ በየዓመቱ መውጣት እየቻለ፣ ከፊሉም እየዘገየ። ዲትሮይት ስድስት ዓመት አቅርቦለት እንደነበር ተዘግቧል። ድምሩ ይበልጥ ነበር። እሱ በዓመት የሚበልጠውን መረጠ።

አሎንሶን ስልኩን እየጠበቀ ሳስበው አዝንለታለሁ። 226 ሆም ራን ለአንድ ቡድን መትቶ፣ ፌብሩዋሪ ደርሶ። እንደተዘገበው 2023 ላይ ሜትስ 7 ዓመት በ158 አቅርቦለት እምቢ ብሎ ነበር። ያ እምቢታ ከሶቶ እምቢታ በምን ይለያል? ድፍረቱ ያው ነው። ግን የመጀመሪያ ቤዝ ተጫዋች፣ 30 ዓመት የሞላው፣ የሚወስደው ቡድን የድራፍት ምርጫ የሚያጣበት። ሁለተኛው ገዢ አልመጣም።

በድምሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ስቻለሁ። ቺቺ፣ በሶቶ ከሁላችንም የቀረብሽው አንቺ ነሽ።

አዲስ ተመልካች · ፌብሩዋሪ 19, 2025

ሦስት ወር ሳነብ ከረምኩ፤ አሁን እኔም ልገምት። ብላዲሚር ጉሬሮ ጁኒየር። ከቶሮንቶ ጋር ለመስማማት ራሱ የቆረጠው ቀን ትናንት አለፈ። ሁሉም «በቃ፣ በሚቀጥለው ዊንተር ገበያ ይወጣል» እያለ ነው። እኔ አይወጣም እላለሁ። ገዢውን አየሁት። ቶሮንቶ ባለፈው ዓመት ኦታኒን አጣ፤ አንድ ቀን ሙሉ ሕዝቡ ኦታኒ አለበት የተባለ አውሮፕላን ሲከታተል ዋለ፤ ለካ አልነበረበትም። ዘንድሮ ሶቶን አጣ። ጉሬሮን ካጣ ደጋፊው ፊት መቆም አይችልም። ቺቺ ግድ የሆነበትን ቁጠር ብላ የለ? 14 ዓመት በ480።

ጋሽ ብሮንክስ · ፌብሩዋሪ 19, 2025

ልጄ፣ ቀን ቆርጦ ያለፈ ተጫዋች ሲዝኑ ከጀመረ ሲፈርም ብዙም አላየሁም። ገበያ ይወጣል።

ሚኒያፖሊስ 612 · ፌብሩዋሪ 20, 2025

ከጋሼ ጋር ነኝ። አሎንሶ ላይ የደረሰውን ያየ የመጀመሪያ ቤዝ ተጫዋች ግን ቢፈራ አይፈረድበትም።

ሌሊት ፈረቃ · ኤፕሪል 7, 2025

አዲስ ተመልካች፣ ተነስ! ጉሬሮ ቶሮንቶ፣ 14 ዓመት በ500 ሚሊዮን፣ የሚዘገይ የለውም!

አዲስ ተመልካች · ኤፕሪል 7, 2025

ዓመቱን አገኘሁት!! ቢሮ ውስጥ ጮኬ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቤዝቦል ነው ብላቸው ማን ይገባዋል።

ጋሽ ብሮንክስ · ኤፕሪል 7, 2025

ጎበዝ ልጄ። ረታኸኝ።

ሳውዝ ካፒቶል · ኤፕሪል 7, 2025

ወንድሜ፣ ኖቬምበር ላይ የዝውውር ሂሳብ የጠየቅከው አንተ ነህ? የ2025/26 ገጽ ከፍቼ የመጀመሪያውን መስመር ባንተ ስም ጽፌዋለሁ። የግራው ዓምድ ባዶ ነው። ካይል ታከር ስንት?